አስቸኳይ! መብራት ጠፍቶ ቢራው ሞቋል፣ 11 ሰዓት ላይ «ስሙን ሳታይ ለይ» ውርርድ አለን

የጀሞው ልጅ (ከቀኑ 8፡10)
ሰላም ቤተሰብ፣ ቶሎ በሉልኝ። ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ቢራ በሙሉ ለብ ብሏል። ልጆቹ 11 ሰዓት ላይ ይመጣሉ። አንዱ ጓደኛዬ «ከጊዮርጊስ ሌላ አፌ አይገባም፣ ዓይኔን አስራችሁ ብትሰጡኝም አውቀዋለሁ» ብሎ በክትፎ ተወራርደናል። ካላወቀው እሱ ሁላችንንም ይጋብዛል፣ ካወቀው እኔ ነኝ የምከፍለው። አንዴ ቀዝቅዞ የሞቀ ቢራ ተበላሸ ማለት ነው? ሌላ ልግዛ ወይስ ይሄንኑ እንደምንም ላቀዝቅዘው? ደግሞ ጠርሙሱ እንዳይታወቅ ምን ላድርግ? ሌብሉን መላጥ ጀምሬ እየተቀደደ አስቸገረኝ።

ቀዝቃዛ አንድ (8፡12)
ባልዲ፣ በረዶ፣ ውሃ፣ ጨው። አለቀ።

ማሂ ዘ ቦሌ (8፡13)
በረዶውን ከየት ያመጣል? መብራት የለም እያለ እኮ ነው ሃሃሃ

ቀዝቃዛ አንድ (8፡15)
ጄኔሬተር ያለው ጁስ ቤት ይጠይቅ። በረዶ ብቻውን ደርድሮ እንዳይተወው፣ ውሃ ይጨምርበት። በረዶ ብቻ ከሆነ በመሃሉ አየር ስለሚገባ ጠርሙሱን በደንብ አይነካውም። ውሃው ግን ጠርሙሱን ዙሪያውን ይይዘዋል። አንድ ሁለት እፍኝ ጨው ሲገባበት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጠርሙሱን አልፎ አልፎ ካሽከረከረው ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ 20 ደቂቃ ነው።

የሰፈሩ ቀልደኛ (8፡16)
ለጠርሙሱ መላ አለኝ፦ ካልሲ አልብሰው። የታጠበ ቢሆን ይመረጣል።

እውነት ተናጋሪ (8፡19)
ይቅርታ አድርግልኝና ውርርዱ ራሱ ትርጉም የለውም። የእኛ አገር ቢራ ሁሉም አንድ ነው፣ ልዩነቱ ሌብሉ ላይ ነው። በደሌና ሐረርን ሄኒከን የገዛቸው በ2003 ዓ.ም. ነው፣ ዋልያም የእነሱ ነው። ሜታ በ2014 ዓ.ም. ለቢጂአይ ተሸጧል፣ ጊዮርጊስ ደግሞ ድሮም የቢጂአይ ነው። በሁለት ኩባንያ መሃል ምኑን ነው የምትለዩት? ክትፎውን ዝም ብላችሁ ተካፍላችሁ ብሉ።

ጋሽ ብቅል (8፡27)
ልጄ፣ መጀመሪያ ተረጋጋ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የሠራሁት። «አንዴ ቀዝቅዞ ከሞቀ ይበላሻል» የሚባለውን በየግሮሰሪው እሰማዋለሁ፣ እውነት አይደለም። ቢራው ከፋብሪካ ወጥቶ አንተ እጅ እስኪገባ በመኪናና በመጋዘን ስንቴ ሞቆ ስንቴ እንደቀዘቀዘ ብታውቅ አትጨነቅም ነበር። ጠላቶቹ ሌሎች ናቸው። አንደኛው ፀሐይ ነው። ሁለተኛው ለሳምንታትና ለወራት ሙቀት ላይ መቀመጥ ነው፣ ያኔ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል። ሦስተኛው ተከፍቶ መቆየቱ ነው። ፍሪጅህ ውስጥ ለብ ያለው ቢራ ከነዚህ አንዱም አልደረሰበትም።

እንዲያውም መብራቱ ውለታ ውሎልሃል። በረዶ የሆነ ቢራ ምላስን ያደነዝዛል፣ ሽታውም አይወጣም። ለመጠጣት ደስ ይላል፣ ለመለየት ግን አይመችም። ለቅምሻ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ይበቃል፤ ማለትም ጠርሙሱ እጅህን ቀዝቀዝ የሚያደርግ እንጂ የሚያቃጥል ያልሆነ።

ወደ እውነት ተናጋሪ ልመለስ። ባለቤቱ አንድ ስለሆነ ጠመቃው አንድ አይሆንም። የብቅሉ አጠባበስ፣ የሆፕሱ (የፈረንጅ ጌሾው) መጠን፣ እርሾው፣ የመብላያው ሙቀት ይለያያል። አብዛኞቹ ግን ላገር የሚባሉ ቀለል ያሉ ቢራዎች ስለሆኑ ይቀራረባሉ፣ እሱ ላይ ልክ ነህ። ስለሚቀራረቡም ነው ለውርርድ የሚሆኑት።

በመጨረሻ፣ ምን ምን ቢራ እንዳለህ አልነገርከንም።

ቀዝቃዛ አንድ (8፡28)
ባልዲ፣ በረዶ፣ ውሃ፣ ጨው።

የጀሞው ልጅ (8፡33)
አመሰግናለሁ ጋሼ። ያሉኝ ጊዮርጊስ፣ ሀበሻ፣ ዋልያ አራት አራት ጠርሙስ፣ ሄኒከን ደግሞ ሁለት። ሄኒከኑ ፍሪጅ ውስጥ ቦታ ስላጣ መስኮቱ ላይ ነው የቆመው። አምስት ሰው ነን።

ጋሽ ብቅል (8፡36)
መስኮቱ ላይ ከመቼ ጀምሮ? ፀሐይ ያገኘዋል?

የጀሞው ልጅ (8፡37)
ከትናንት ወዲያ። ከሰዓት በኋላ በደንብ ያገኘዋል። ምነው?

ጋሽ ብቅል (8፡44)
እንግዲያው እሱን ከጨዋታው አውጣው። ሆፕስ የሚባለው የፈረንጅ ጌሾ ብርሃን ሲነካው ይለወጥና የሚከረፋ ሽታ ያመጣል። ቡናማ ጠርሙስ ብርሃኑን በብዛት ይከላከልለታል፣ አረንጓዴው ያሳልፈዋል። ቢራው ጥፋት የለበትም፣ አቀማመጡ ነው። ሲከፈት ካልሸተተህ ለብቻው ጠጡት፣ ከሸተተህ ግን አምስታችሁም በአንድ ማሽተት ትለዩታላችሁና ለውርርድ አይሆንም። በምትኩ ዳሽን ወይም በደሌ አምጣ።

ማሂ ዘ ቦሌ (8፡46)
ጠርሙሱን ሳሎን ለምን ትወስደዋለህ? ጓዳ ቀድተህ በቡና ሲኒ አቅርበው። ሲኒው ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ ከጎን ቀለሙ አይታይም፣ ሌብል መላጥም ቀረልህ።

የጀሞው ልጅ (8፡47)
በእናቴ ሲኒ ቢራ? ከቤት ልታስወጣኝ ነው?

የሰፈሩ ቀልደኛ (8፡48)
እናትህንም ጋብዛቸው። ከአምስታችሁም በተሻለ ሳይለዩት አይቀሩም።

ሲልቨር ስፕሪንግ (8፡55)
እኛ እዚህ ሜሪላንድ በየጊዜው እናደርገዋለን፣ በወረቀት ከረጢት ጠቅልለን ነው። አንገቱን በፕላስተር ታስረዋለህ፣ ቆርኪውን ቀድሞ ሌላ ሰው ይከፍትልሃል። ግን ማሂ ያለችው ይሻላል፤ ከረጢት ውስጥ ሆኖም የጠርሙሱ አንገትና ቅርፅ ያሳብቃል። ጓደኛህ ግሮሰሪ ያደገ ከሆነ በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል።
አንድ ጥያቄ፦ እዚያ ያለው ጊዮርጊስና እኛ ጋ የሚመጣው ይለያያል የሚሉት እውነት ነው ጋሼ?

ጋሽ ብቅል (8፡59)
ባህር ተሻግሮ፣ መጋዘን ተቀምጦ ነው የሚደርስህ። ቢራ ከቆየ ይደክማል፣ ቀኑን እያየህ ግዛ። ወደ ልጁ ጉዳይ እንመለስ።

ኢንጂነሩ (9፡03)
ማንም ያላነሳው ነገር አለ። አራት ሲኒ ደርድረህ «ጊዮርጊስ የቱ ነው?» ብለህ ብትጠይቀው፣ በሕይወቱ ቢራ ቀምሶ የማያውቅ ሰው እንኳ ከአራት አንዴ በግምት ይመታል። በ25 በመቶ ዕድል ክትፎ ትከፍላለህ? የአራቱንም ስም ይናገር ካልከው በግምት ሁሉንም የማግኘት ዕድሉ ከ24 አንድ ነው፣ እሱ ይሻላል። ግን እሱ «ጊዮርጊስን አውቃለሁ» ነው ያለው እንጂ ሁሉንም አውቃለሁ አላለም፣ ስለዚህ ይከራከርሃል።

ጋሽ ብቅል (9፡11)
ለዚህ ነው ላቦራቶሪ ውስጥ የሦስት ማዕዘን ቅምሻ የምንለው ያለው። ሦስት ሲኒ ታቀርባለህ፤ በሁለቱ አንድ ዓይነት ቢራ፣ በአንዱ ሌላ። ጥያቄው «የተለየው የቱ ነው?» ብቻ ነው። ጊዮርጊስ አንዳንዴ ጥንድ፣ አንዳንዴ ነጠላ ይሁን፣ ቦታውንም ቀያይረው። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ጠመቃ ላይ ቆይቼ፣ በዚህ ቅምሻ የሚኩራራ ሰው ላብ ሲያጠምቀው አይቻለሁ።

ኢንጂነሩ (9፡14)
ጥሩ ነው፣ ግን መለየትና ማወቅ ሁለት ነገር ነው። የተለየውን ከመረጠ በኋላ «ጊዮርጊሱስ ጥንዱ ነው ወይስ ነጠላው?» ብለህ ጨምርበት። በግምት ሁለቱንም የመመለስ ዕድሉ ከ6 አንድ ነው። ሁለት ዙር ተከታትሎ ካገኘው ከ36 አንድ ነው። ያኔ ክትፎውን ሳታጉረመርም ክፈል።

የጀሞው ልጅ (9፡16)
አንዱን ሲኒ «ሀ» ብዬ ልጽፍበት ነበር፣ ሀበሻ ብለው ይገምታሉ አይደል?

ማሂ ዘ ቦሌ (9፡17)
ሃሃሃሃ ይሄ ልጅ ከፍሎ ነው የሚመጣው

ጋሽ ብቅል (9፡24)
ፊደልም አንድ ሁለት ሦስትም አትጠቀም። ሰው «አንድ» የተባለውን አንደኛ ነው ብሎ ያስባል። 417፣ 862፣ 395 እንደዚህ ያለ ቁጥር በፕላስተር ላይ ጽፈህ ከሲኒው ሥር ለጥፍ። በማርከር ሲኒው ላይ ከጻፍክ ላብ ሲያወጣ ይጠፋል።

የሚቀዳው ሰው ሳሎን አይግባ። እህት ካለችህ እሷ ጓዳ ቀድታ የቱ ቁጥር የቱ ቢራ እንደሆነ ወረቀት ላይ ጽፋ ትያዝ፣ አንተ ሳታውቅ አቅርብ። አንተ ካወቅክ ፊትህ ይናገራል። ሁሉም ሰው መልሱን ጽፎ እስኪጨርስ ወሬ የለም፤ አንዱ «ኤጭ፣ ይሄ ዋልያ ነው» ካለ የሌላው ምላስ አብሮት ይሄዳል።

ሲኒውን በሳሙና ካጠብከው ደጋግመህ አለቅልቀህ ደፍተህ አድርቀው፣ በፎጣ አትወልውለው። የሳሙናና የቅባት ርዝራዥ አረፋውን ይገድለዋል። ክትፎውም ከቅምሻው በኋላ ይሁን። ሚጥሚጣ የነካው አፍ ጊዮርጊስንም ውሃንም አይለይም። በመሃል ውሃና ደረቅ ዳቦ ይበቃል።

የሰፈሩ ቀልደኛ (9፡26)
አንድ ጠርሙስ 330 ሚሊ ነው። ለአምስት ሰው 60 60 ሲደርስ 30 ሚሊ ይተርፋል። እሱ ለሽማግሌ ነው።

ቀዝቃዛ አንድ (9፡27)
በረዶውን አገኘህ ወይስ አላገኘህም?

የጀሞው ልጅ (9፡41)
ጁስ ቤቱ ሰጠኝ፣ አንድ ፌስታል። በደሌ ልገዛ ግሮሰሪ ገብቼ ባዶ ጠርሙስ ካላመጣህ መያዣ ክፈል አለኝ፣ ከፈልኩ። እሱ የሰጠኝ ግን በረዶ የሆነ ነው፣ የኔው ለብ ያለ ነው። ችግር አለው?

ኢንጂነሩ (9፡43)
አለው! በደሌው ቀዝቃዛ ሌላው ለብ ያለ ከሆነ በከንፈሩ ነው የሚለየው። ሁሉንም አንድ ባልዲ ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት አስገባ፣ በአንድ ሰዓት አውጣ።

ጋሽ ብቅል (9፡45)
ልክ ነው። ከገቡ በኋላ ሩብ ሰዓት ቆይተው ይውጡ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ይቆዩና ሁሉም እኩል ይሆናሉ። ከዚህ ሁሉ ምክር አንድ ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይሄን ያዝ፦ ሙቀቱ፣ ሲኒው፣ መጠኑ እኩል ይሁን።

እውነት ተናጋሪ (9፡50)
ጠላን ማን ፍሪጅ ከቶት ያውቃል? አያቶቻችን በጣሳ ለብ ያለ ጠጥተው የማን ቤት ጠላ እንደሆነ ይለዩ ነበር። ዲግሪ ሲለኩ አልዋሉም።

ማሂ ዘ ቦሌ (9፡51)
ቅድም ሁሉም ቢራ አንድ ነው አላልክም?

እውነት ተናጋሪ (9፡52)
ጠላ ነው ያልኩት።

የጀሞው ልጅ (10፡38)
መብራት መጣ!!! አሁን ነው የሚመጣው? ለማንኛውም ባልዲው ውስጥ ናቸው። እህቴ እቀዳለሁ ብላለች፣ ግን ክትፎው ለእሷም ይታሰብ አለች። ሲኒውን እናቴ ሳታይ ከረከቦቱ አነሳሁ። ሄኒከኑን ከፈትኩት፣ ጋሼ እውነትዎን ነው፣ አፍንጫዬን ነው የመታኝ። በር ተንኳኳ፣ መጣሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ምሽት 2፡15)
እና? ማን ከፈለ?

የሰፈሩ ቀልደኛ (2፡20)
ዝም ካለ እሱ ነው የከፈለው።

ኢንጂነሩ (2፡31)
ሁለት ዙር ነበር ወይስ አንድ? ያንን ሳናውቅ ምንም ማለት አይቻልም።

ማሂ ዘ ቦሌ (በማግስቱ ጠዋት 3፡05)
እኔን የሚያሳስበኝ ሲኒዎቹ ናቸው። እናትየው ዛሬ ቡና ሲያፈሉ...

የገርጂዋ (3፡40)
ሰላም፣ ጥያቄው ላይ በመግባቴ ይቅርታ። ቅዳሜ ማህበር አለብኝ፣ ባዶ የጊዮርጊስ ጠርሙስ ከነሳጥኑ የሚያውሰኝ ወይም የሚሸጥልኝ አለ? ሁለት ሳጥን ቢሆን ይበቃኛል።