እንጨት እንጨት የማይል ነጭ ወይን፦ የሞዝል ሪስሊንግ ከቀይ ወጥ ጋር ይሄዳል?

ማርታ ከፍራንክፈርት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ የባለቤቴ የሥራ ባልደረቦች ምሳ ይመጣሉ። እኛ ጾም ላይ ስለሆንን ምስር ወጥ፣ ሽሮና ጎመን አለ፤ ለእነሱ ዶሮም ይሠራል። ነጭ ወይን ላቀርብ አስቤያለሁ። ባለፈው ሰው ያመጣልን ቫኒላና የተቃጠለ እንጨት የሚሸት ነበር፤ ከበርበሬው ጋር ሲገናኝ መረረብን። አንዲት ጓደኛዬ «በርሜል ያልነካው የሞዝል ሸለቆ ሪስሊንግ ግዢ» አለችኝ፤ ሪስሊንግ የነጭ ወይን ፍሬ ዓይነት ነው፣ ሞዝል ደግሞ እዚህ ጀርመን ያለ ወንዝ። ሱቅ ስሄድ አንዱ ላይ ትሮከን፣ ሌላው ላይ ፋይንሄርብ፣ ሌላው ላይ ካቢኔት ይላል። የቱን ልውሰድ? ሸለቆውንስ ከልጆች ጋር በባቡር ማየት ይቻላል?

የኮብሌንዙ፦ እህቴ፣ ለቀይ ወጥ ትሮከኑን (የማይጣፍጠውን ማለት ነው) ተይው። ስኳሩ በሊትር ቢበዛ 9 ግራም ነው፤ ሪስሊንግ ደግሞ በተፈጥሮው ኮምጣጣ ስለሆነ ከበርበሬ ጋር ይጋጫል። ፋይንሄርብ ለስለስ ይላል፣ ግን በሕግ የተወሰነ መጠን የለውም፤ አምራቹ እንደመሰለው ይጽፈዋል። ካቢኔት ስለ ፍሬው ብስለት እንጂ ስለ ጣፋጭነቱ አይናገርም፤ «ካቢኔት ትሮከን» የሚልም ታገኛለሽ። ስለዚህ ጽሑፉን ትተሽ የአልኮሉን ቁጥር እይ። ከ8 እስከ 9 በመቶ ከሆነ ስኳሩ ሳያልቅ መፍላቱ ቆሟል፣ ይጣፍጣል። 12 ከሆነ ስኳሩ ወደ አልኮል ተለውጧል። አልኮል ሲበዛ ደግሞ የበርበሬው ማቃጠል ይብሳል።

አባ ጠጅ፦ የማርታ ጓደኛ «በርሜል ያልነካው» ያለችው ግማሹ ልክ ነው። ብዙዎቹ በማይዝግ ብረት ጋን ያፈሉታል። ነባሮቹ ግን ፉደር በሚባል 1,000 ሊትር ገደማ በሚይዝ አሮጌ በርሜል ነው የሚሠሩት። እንጨቱ ስላረጀ የሚሰጠው ጣዕም የለም፤ ትልቅ ስለሆነም ወይኑ እንጨቱን የሚነካው ጥቂት ነው። ቫኒላ የሚያሸተው ትንሽና አዲስ በርሜል ነው። ሻጩን ስትጠይቂው «በርሜል አለው ወይ?» አትበይ፤ «ወይኑ አዲስ በርሜል ውስጥ ቆይቷል ወይ?» በይው። (በነገራችን ላይ ለእንግዶቹ ጠጅ ብታቀርቢላቸው ይበልጥ ደስ ይላቸው ነበር፤ አልተጠየቅኩም እንጂ።)

ሳራ፦ ለሚጾም ሰው ከሆነ አንዳንድ ወይን ድፍርሱ እንዲጠራ በእንቁላል ነጭ ወይም ከእንስሳት በሚገኝ ጄላቲን ይጣራል። «ቬጋን» (ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ያልገባበት) የሚል ጽሑፍ ፈልጊ።

የኮብሌንዙ፦ ባቡሩን ረስቼው። ኮብሌንዝ ላይ ቀይራችሁ ወደ ትሪር በሚሄደው መስመር ኮኸም ውረዱ፤ እስከዚያ ሐዲዱ ወንዙን ተከትሎ ይሄዳል። ሳትወርዱ ከቀጠላችሁ ከኮኸም ቀጥሎ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ዋሻ አለ፤ ባቡሩ ከዋሻው ሲወጣ ኤዲገር ኤለር የምትባል መንደር ናችሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ካልሞንት የተባለው ተራራ እስከ 65 ዲግሪ የሚያዘነብል የወይን ማሳ ነው፤ ትራክተር አይወጣውም፣ ሥራው በእጅ ነው። አፈሩ ስሌት የሚባለው ዝርግ ጥቁር ድንጋይ የሞላበት ሲሆን ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ለተክሉ ይመልሳል፤ በዚህ ብርድ አገር ሪስሊንግ እንዲበስል የሚያደርገው አንዱ ነገር ይኸው ነው። በገደሉ ላይ ያለው መንገድ ግን መሰላልና የብረት ገመድ አለው፤ ልጆቹን ከወንዙ ዳር አሳዪአቸው እንጂ እንዳትወጡ።

ማርታ ከፍራንክፈርት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ምን ያህል ይቀዝቅዝ?

አባ ጠጅ፦ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። ፍሪዘር ውስጥ ግን አትርሺው፣ ይፈነዳል።