«ጨርቅ ነው» ያላችሁኝ ከረጢት ቀለጠ

አንጀቴ አረረ፦ ትናንት ሬዲዮ ላይ አንዱ እንግዳ «ፌስታል ተከልክሏል፣ ሕዝቡ ወደ ጨርቅ ይመለስ፣ ጨርቅ ተፈጥሮ ነው» ሲል ሰማሁ። የቱ ጨርቅ? በየሱቁ የሚሸጥልን ቀለማም ከረጢት? ማንጠልጠያውን በክብሪት ለኩሱትማ። እንደ ጥጥ አመድ አይሆንም፤ ቀልጦ ይንጠባጠባል፣ ሲበርድ እንደ ጠጠር ይደርቃል። ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ የማዳበሪያ ጆንያ የሚሠራበት ያው ፕላስቲክ።

የመርካቶ ልጅ፦ እና ፌስታል ይመለስልህ? የ1999ኙ አዋጅም 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ከልክሎ ነበር፣ ማን ሰማው? የ2017ቱ ጠቅልሎ ከለከለ፣ እሰየው። ያንተን ከረጢት ቢያንስ ነፋስ አጥር ላይ አይሰቅለውም።

አንጀቴ አረረ፦ «ይመለስ» ያልኩበትን መስመር አሳየኝ። «ጨርቅ ነው» አትበሉኝ ነው ያልኩት።

ፈታይዋ፦ እውነተኛ ጥጥ እያለ ምን አጨቃጨቃችሁ?

ቁጥር ወዳጅ፦ ቀስ በይ። የእንግሊዝ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ጥናት አለ። የጥጥ ከረጢት ምድርን በማሞቅ ረገድ አንዴ ተይዞ ከሚጣል ፌስታል እንዳይብስ 131 ጊዜ መያዝ አለበት። የፖሊፕሮፒሊኑ 11 ይበቃዋል።

ፈታይዋ፦ 131? የእናቴ ዘንቢል በዕድሜ ይበልጠኛል!

ቁጥር ወዳጅ፦ ዘንቢሉ ከምን ተሠራ? የኛ ሰፈሩ የፕላስቲክ ክር ነው።

ፈታይዋ፦ የእናቴን ዘንቢል ተወው።

ቆጮ በአይብ፦ እንሰትን የሚያነሳ ጠፋ? ቆጮ ሲፋቅ ቃጫው አብሮ ይወጣል፤ ሌላ መሬት፣ ሌላ ውሃ አይጠይቅም። ጥጡ ግን ማሳ ይፈልጋል፣ የፕላስቲኩ ጥሬ ዕቃ ዶላር ይፈልጋል። ቡናችንን በ60 ኪሎ ጆንያ እየላክን ጆንያውን ከባንግላዴሽ እናስመጣለን፣ ቃጫው ጓሮ ተከምሮ።

የመርካቶ ልጅ፦ ጀመረው ደግሞ። ሥጋም በቃጫ ልታንጠለጥል ነው? ደሙ ሱሪህ ላይ ይውረድ።

ቆጮ በአይብ፦ ኮባ ምን ሊሠራ ተፈጠረ? አያቴ ሥጋ የምትጠቀልለው በኮባ ነበር።

የመርካቶ ልጅ፦ እሺ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትከልልን።

አንጀቴ አረረ፦ ኮባውን ተዉትና፣ ክብሪቱን የሞከረ አለ?

ፈታይዋ፦ ሞከርኩ። ቀለጠ። ላዩ ላይ «ተፈጥሮን እንጠብቅ» ተብሎ ታትሞበታል፣ መጀመሪያ የቀለጠው «ተፈጥሮ» የሚለው ነው።

የመርካቶ ልጅ፦ የኔም ቀለጠ። ቢሆንም ፌስታል አይደለም።

አንጀቴ አረረ፦ «ቢሆንም»?