ጥያቄና መልስ፦ እናቴን ካጣሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ላይፍ ኮች ልያዝ ወይስ የሥነ ልቦና ሕክምና ልጀምር?

ጥያቄ (መምህርት፣ አዘዞ)

ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህን ጥያቄ ለመጻፍ ብዙ ቀን አመንትቻለሁ። ዕድሜዬ 31 ሲሆን ጎንደር፣ አዘዞ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። እናቴ ካረፈች ዓመት ከሁለት ወር ሆኗታል። አርባዋንም ሙት ዓመቷንም በወጉ አውጥተናል፤ ጥቁር ልብሴንም ያኔ አውልቄአለሁ፤ ሐዘኑ ግን እንዳለ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን ባንኜ እነሣለሁ፤ ከዚያ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል እስኪሰማ ድረስ ጣራ ጣራ ሳይ አነጋለሁ። እህል አያሰኘኝም። የተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ሳይታረም በፌስታል እንደ ታሰረ ከአልጋዬ ሥር ከተቀመጠ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ እንዲህ ያለ ነገር በስምንት ዓመት የማስተማር ዘመኔ ደርሶብኝ አያውቅም።

ከዚህ ሌላ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ካሰብሁ ቆይቻለሁ፤ ምዝገባ በቀረበ ቁጥር ግን እተወዋለሁ። አዲስ አበባ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ «ላይፍ ኮች ያዢ፣ ሕይወትሽን መልክ ያስይዝልሻል» ትለኛለች። በቴሌግራም በሳምንት አንድ ቀን እየተገናኙ ለሦስት ወር የሚቆይ ሲሆን ክፍያው ከአንድ ወር ደመወዜ ይበልጣል። ታላቅ እኅቴ ደግሞ ሆስፒታል ሳይካትሪ ክፍል ሄደሽ ካልታየሽ ብላ ይዛኛለች። እኔ ግን እዚያ በር ላይ የተማሪ ወላጅ ቢያየኝ «መምህርቷ አእምሮዋን ታማለች» ይባላል ብዬ እፈራለሁ። የሁለቱ ልዩነት ምንድን ነው? ለእኔስ የትኛው ይሻለኛል?

መልስ (የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ማራኪ)

በቅድሚያ እግዚአብሔር ያጽናዎት። በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ጉዳዮች ተያይዘው ስለ ቀረቡ ለያይቼ ልመልስ።

ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ወይስ አልማር፣ ጊዜዬን እንዴት ላከፋፍል የሚለው ጥያቄ የኮቺንግ ጉዳይ ነው። ኮች የሚነሣው ተገልጋዩ ለመራመድ አቅም አለው ከሚል እምነት ነው፤ ግብ ያስይዛል፣ ግቡን በየሳምንቱ ሊሠራ ወደሚችል ትንሽ ሥራ ያስከፋፍላል፣ በቀጠሮው ቀንም ምን እንደ ተሠራ ይጠይቃል። እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና ቀድሞ ያለ ችግር ሲሠሩት የነበረውን ሥራ መጀመር አለመቻል ግን የሕመም ምልክቶች ሊሆኑ ስለሚችሉ አስቀድሞ መመርመር አለባቸው። የኮች ሙያ ምርመራንም ሕክምናንም አይጨምርም፤ ሙያውን የሚያውቅ ኮችም ይህን ሲሰማ ራሱ ወደ ሐኪም ይልክዎታል።

ሐዘን በራሱ በሽታ አይደለም፤ ይህን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ሆኖም የአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የምርመራ መመሪያ የተራዘመ ሐዘንን ራሱን የቻለ የሕመም ዓይነት አድርጎ ሲያስገባ፣ ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው መለኪያ ከሞቱ በኋላ ቢያንስ 12 ወር ማለፉን ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ደግሞ 6 ወር ይላል። አባቶቻችን ለሙት መታሰቢያ የወሰኗቸው መንፈቅና ሙት ዓመት ከእነዚህ ጊዜያት ጋር መግጠማቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ይህ ማለት ሐዘን በሙት ዓመቱ ማግስት መጥፋት አለበት ማለት አይደለም፤ ናፍቆቱና ሥቃዩ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ኑሮን እያገደ ከቀጠለ ግን የባለሙያ እርዳታ ያስፈልገዋል። እርስዎ የጻፉት ወደዚህ የቀረበ ይመስለኛል፤ በጽሑፍ ብቻ ግን ማንም ሊወስን አይችልም።

ድባቴ መኖሩን ለመለየት የምንጠቀምበት አንድ አጭር መጠይቅ አለ። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ከ27ቱ 10 እና ከዚያ በላይ የሚያገኝ ሰው ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልገዋል። የመጨረሻው ጥያቄ ሞትን መመኘትን ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብን ይመለከታል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ካለብዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ፣ ብቻዎንም ሳይሆኑ፣ ዛሬውኑ ከእኅትዎ ጋር ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

መልስ (የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ ፒያሳ)

እኅቴ ሆይ፣ እኔ ኮች ይዤ የተጠቀምሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ሙያው በደፈናው እንዳይናቅ እፈልጋለሁ። ሱቄን ከወንድሜ ጋር ለመካፈል ወይም አብሬ ለመቀጠል ሁለት ዓመት ሙሉ መወሰን አቅቶኝ ነበር። ኮቹ እንዲህ አድርግ አላለኝም። በመጀመሪያው ቀን ወረቀት አስይዞኝ የምፈራውን ነገር በገንዘብ ልክ እንድጽፈው አደረገኝ፤ ስጽፈው ፍርሃቴ የኪሳራ ሳይሆን የወንድሜ ቅያሜ መሆኑን አየሁት። በሰባተኛው ሳምንት ከወንድሜ ጋር ተቀምጠን ተነጋገርን፤ በሽማግሌ ፊት ተፈራረምን።

ነገር ግን እኔ ያን ጊዜ እበላ ነበር፣ እተኛም ነበር። የቸገረኝ ውሳኔ እንጂ ጤና አልነበረም። ወደ ፊት ኮች የምትይዢ ከሆነ ግን ሥልጠናውን ለመጠየቅ አትፈሪ። በ1995 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን ለመጀመሪያው ደረጃ ምስክር ወረቀት ቢያንስ 60 ሰዓት ትምህርትና 100 ሰዓት የተግባር ልምድ ይጠይቃል። እኔ ስጠይቀው ኮቼ ወረቀቱን ሳይከፋው አሳየኝ። ይህም ቢሆን የሙያ ማኅበር ምስክር ነው እንጂ የሕክምና ፈቃድ አይደለም። የሦስት ወር ክፍያ በአንድ ጊዜ ካልከፈልሽ የሚልሽን ግን ተዪው።

መልስ (ስሜ ይቆይ)

እኔ አባቴን ያጣሁ ጊዜ መጀመሪያ የሄድሁት ኮች ነኝ ወደሚል ሰው ነበር። በየማለዳው ከመስተዋት ፊት ቆሜ «ደስተኛ ነኝ» እንድል አዘዘኝ። ባልሁ ቁጥር አባቴን የከዳሁት እየመሰለኝ አለቅስ ነበር። ለውጥ ሳይመጣ ሲቀር ጥፋቱ በቂ ጥረት አለማድረጌ እንደ ሆነ ነገረኝ፤ እኔም አምኜው አምስት ወር ዘገየሁ። በኋላ ያየኝ የሥነ ልቦና ባለሙያ በመጀመሪያው ቀን የጠየቀኝ ስለ አባቴ ነበር፤ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበሩ፣ የመጨረሻውን ቀን እንዴት እንዳሳለፍነው። ያን ቀን ማታ ከብዙ ጊዜ በኋላ እስኪነጋ ተኛሁ።

መልስ (ጡረታ የወጣሁ ነርስ፣ ቀሃ)

ልጄ፣ እናትሽን ነፍስ ይማር። በር ላይ እንዳልታይ ብለሽ የጻፍሽው አሳዘነኝ፤ ብዙ ሰው በዚህ ፍርሃት ቤቱ ተቀምጦ ሲጎዳ አይቻለሁና። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ የሳይካትሪ ክፍል አለ፤ ተራ ጠብቀው የሚቀመጡት ታካሚዎችም እንዳንቺ አስተማሪ፣ ነጋዴ፣ ገበሬ፣ ተማሪ ናቸው። የተማሪ ወላጅ እዚያ ቢያይሽ እሱም ጉዳይ ኖሮት መጥቶ ነው።

ጸበል መጠመቅሽንም፣ የንስሐ አባትሽን ማማከርሽንም አትተዪ። እኔም ባለቤቴ ሲሞት ያጽናኑኝ እሳቸው ናቸው። ሐኪም ቤት መሄድ ግን ከዚህ ጋር አይጣላም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ መድኃኒት ከታዘዘልሽ ጸበል ጀመርሁ ብለሽ በራስሽ አታቋርጪው፤ መድኃኒት እየወሰድሽ መሆኑን ለአባ ንገሪያቸው፣ ጸበል መጠመቅሽንም ለሐኪሙ ንገሪው።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የሞት ሐሳብ የለብኝም፤ የእናቴ ድምፅ እንዳይረሳኝ ግን ሌት ተቀን እሰጋለሁ። ለመታየት ወስኛለሁ። የቀረኝ ሁለት ጥያቄ ነው፦ ገና በመጀመሪያው ቀን መድኃኒት ይሰጡኛል ወይ? ከተሰጠኝስ ልማድ ሆኖ ይቀርብኛል?

መልስ (የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ማራኪ)

የመጀመሪያው ቀን በአብዛኛው የጥያቄ ቀን ነው። ስለ እንቅልፍዎ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ሥራ፣ በቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ሕመም ስለ መኖሩ ይጠይቅዎታል። ሐኪሙ የደም ምርመራ ሊያዝም ይችላል፤ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ መታወክ ድካምና ትካዜ ስለሚያመጡ ነው። ሁሉም ሰው መድኃኒት አያስፈልገውም። ለብዙ ሰው በንግግር የሚሰጥ ሕክምና ይበቃል፤ ከእነዚህ አንዱ ሐሳብንና ድርጊትን አያይዞ የሚመረምረው ሕክምና ሲሆን ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት እየተሰጠ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይዘልቃል።

የድባቴ መድኃኒት ከታዘዘም እንደ ሱስ የሚያስጎመጅ አይደለም። ነገር ግን ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ ቆይቶ ስለሆነ በመጀመሪያው ሳምንት አልሠራልኝም ብለው አይተዉት፤ ሲቆምም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። የሁለተኛ ዲግሪውን ነገር ለጊዜው ያቆዩት፤ እንቅልፍዎ ሲመለስ ራስዎ ሊወስኑት ይችላሉ፣ ያን ጊዜም ቢቸግርዎ ኮች መያዝ ገንዘብ ማባከን አይሆንም።

እስከ ቀጠሮዎ ድረስ በአንድ ደብተር ላይ በየማለዳው ስንት ሰዓት እንደ ተኙ፣ ስንት ሰዓት እንደ ባነኑና ያን ጊዜ ምን እያሰቡ እንደ ነበር ይጻፉ። የእናትዎን ድምፅ ስለ መርሳት የነገሩንንም እዚያው ይጻፉት፤ ለሚያይዎ ባለሙያ መጀመሪያ የሚነግሩት እሱን ቢሆን እመርጣለሁ።

ከጠያቂዋ

ደብተሩን ዛሬ ገዝቻለሁ። ማክሰኞ ከእኅቴ ጋር እሄዳለሁ። የፈተናውን ወረቀት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግማሹን ልታርምልኝ ወስዳዋለች።