የሰንጢዬ ሞላ ሦስት ጊዜ ተሰበረብኝ

ጤና ይስጥልኝ የብረት ሥራ የምታውቁ። ሰበታ፣ ቤቴ ጓሮ፣ በእንፋሎት ሞተር ዘመን ማሽኖች አምሳል የሚታጠፍ ሰንጢ እሠራለሁ። እጀታው ነሐስ ነው፤ ከአሮጌ ሰዓቶች ያወጣኋቸው ጥርሳም መዘውሮች ተለጥፈውበታል። መልኩን ያየ ሁሉ ያደንቃል፤ ጉዱ ያለው ውስጡ ነው።

ስለቱን የሚይዘው የጀርባ ሞላ ጥቂት ከፈት ዘጋ ሲደረግ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ስለቱንም ሞላውንም የማወጣው ምናለሽ ተራ ከገዛሁት አንድ የመኪና ባሌስትራ ነው። ማግኔት መሳብ እስኪያቆም (770 ዲግሪ ገደማ) በከሰል አግለዋለሁ፤ ትንሽ ጨምሬ ዘይት ውስጥ እነክረዋለሁ። ከዚያ ባለቤቴ እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ በኤሌክትሪክ ምጣዷ ላይ ቀለሙ ገለባ እስኪመስል አሞቀዋለሁ (ይህን አልወደደችልኝም)። ስለቱ ምላጭ ሆነልኝ፤ ሞላው ግን ብርጭቆ።

ሞላውን ለብቻው፣ ሰማያዊ እስኪሆን፣ ወደ 300 ዲግሪ ልውሰደው? በነበልባል ስሞክር ቀጭኑ ጫፍ ቀድሞ ሰማያዊውን አልፎ ይሄዳል። ደግሞ ሦስቱም የተሰበሩት መሃል ላይ፣ በሚስማሩ ቀዳዳ በኩል ነው። ቀዳዳው ይሆን ጥፋተኛው? ሙቀቱን እኩል የምታዳርሱበትን ዘዴ ብትነግሩኝ ውለታችሁ አለብኝ። አራተኛውን ሞላ ሞርጄ ጨርሻለሁ፣ እሳት ግን አላስነካሁትም።