ደብረ ማርቆስ ሆኖ ሌክሰስ፣ ቢኤምደብሊው ወይስ ሬንጅ ሮቨር? ሰርቪሱስ የት ይሁን?

የማርቆሱ ሰው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሦስት መኪና ቀርቦልኛል። ሌክሰስ አርኤክስ 350 የ2008፣ ቢኤምደብሊው ኤክስ5 ባለ 3.0 ቤንዚን የ2008፣ ሬንጅ ሮቨር ስፖርት ባለ 3.0 ናፍጣ የ2010። ዘመኑ በፈረንጅ ነው። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም። መኪናው አብዛኛውን ጊዜ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ይውላል፤ በወር አንድ ሁለቴ አባይ በረሃን ተሻግሮ አዲስ አበባ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ባሕር ዳር ይሄዳል። ደላላው ሦስቱንም «ሞተራቸው ያልተነካ» ይላል። እሱን ትቼ ሥራውን የምታውቁትን ልጠይቅ ብዬ ነው። እዚህ ሆኖ የሚያዘው የትኛው ነው? ሲገዛ ምን ይታይ? ሰርቪስ ለማስደረግ የግድ አዲስ አበባ ወኪሉ ጋ መሄድ አለብኝ ወይስ የባሕር ዳር ጋራዦች ይበቃሉ?

ቴስታታ፦
ወንድሜ፣ የትኛው ጠንካራ ነው ከማለት በፊት ሲቆም ማን ያስነሳዋል የሚለው ይቅደም። ሦስቱም በሥርዓቱ ከተያዙ ይሄዳሉ። የሚለዩት ብልሽቱ ከአባይ ወዲህ ሲያገኛቸው ነው።

ሌክሰሱ ላይ ያለው ሞተር 2ጂአር-ኤፍኢ ነው። ታይሚንጉ (የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት ከፒስተኖቹ ጋር የሚያገጣጥመው) በሰንሰለት ስለሆነ በየጊዜው የሚቀየር ቺንጊያ የለውም። የታወቀ ድክመቱ የቪቪቲ (ቫልቮቹ የሚከፈቱበትን ጊዜ የሚያስተካክለው ክፍል) ዘይት መስመሩ ነው። የዚያ ዘመን ምርቶች መስመሩ መሃል ላይ ጎማ አለባቸው። ጎማው ሲደርቅ ይሰነጠቅና ዘይቱን በግፊት ይረጨዋል። ሞተሩ የሚይዘው 6 ሊትር ገደማ ነው፤ ያ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ መንገድ ላይ ይቀራል። የዘይት መብራቱን አይተህ ጥግ እስክትይዝ ብሮንዚናው (ክራንክ ሻፍቱ የሚሽከረከርበት ንጣፍ) ሊያልቅልህ ይችላል። ኮፈኑን ከፍተህ በቺንጊያው በኩል፣ ወደ ካቢኑ ካለው ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አጠገብ በእጅ ባትሪ አብራ። ቀጭኑ የብረት ቱቦ መሃሉ ላይ በቀለበት የተጨመቀ ጥቁር ጎማ ካለው አሮጌው ነው። የሌክሰስ አምራቹ ቶዮታ በኋላ ሙሉ በሙሉ ብረት በሆነ መስመር ተክቶታል። ዕቃው ውድ አይደለም፤ መኪናውን በገዛህ ሳምንት አስቀይረው። ሌላው የውሃ ፖምፓው ነው፤ ዙሪያው ላይ የደረቀ ሮዝ ቅርፊት ካየህ ማንጠባጠብ ጀምሯል ማለት ነው። ካንዴላ ሲቀየር ደግሞ የኋላ ሦስቱን ለማግኘት የአየር ማኒፎልዱ መነሳት አለበት። የፊት ሦስቱን ብቻ ቀይሮ የስድስት የሚያስከፍል ስላለ ስድስቱንም አሮጌ ካንዴላ ተቀበል።

የኤክስ5ቱ ሞተር ኤን52 የሚባለው ከሆነ መልካም ነው፤ ቱርቦ የለውም፣ አያወሳስብም። ችግሩ የውሃ ፖምፓው በቺንጊያ ሳይሆን በኤሌክትሪክ መዞሩ ነው። የቺንጊያ ፖምፓ ሲያረጅ ያንጠባጥባል፣ ይጮኻል፣ ጊዜ ይሰጥሃል። ይሄኛው ደህና ሲሠራ ቆይቶ ድንገት ይቆማል፤ ከዚያ የምታየው ቀይ መብራት ነው። የሞተሩ ብሎክ ማግኒዚየምና አሉሚኒየም ነው፤ በደንብ ከፈላ ቴስታታ በማስላጨት ብቻ አይመለስም። ስለዚህ ፖምፓውና ቴርሞስታቱ መቼ እንደተቀየሩ ማስረጃ ከሌለ፣ የሁለቱን ዋጋ በመኪናው ዋጋ ላይ ደምረህ አስላ። የሚቀየሩትም አንድ ላይ ነው። የሚይዟቸው የአሉሚኒየም ብሎኖች አንዴ ከተፈቱ አይደገሙም። በምትካቸው የብረት ብሎን የሚያስገባ መካኒክ ካየህ ማግኒዚየሙን ሊያስበላው ነውና መኪናህን ይዘህ ውጣ።

አየር የሚወጣበት መንገድም የተለየ ነው። ውሃ ሞልቶ ሞተር ማስነሳት አይሠራም። ቻርጀር ባትሪው ላይ ይያያዛል፣ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ይከፈታል፣ ማሞቂያው ከፍተኛው ሙቀት፣ ነፋሱ ዝቅተኛው ላይ ይደረጋል። ከዚያ ነዳጅ መርገጫው እስከ ወለሉ ተረግጦ ለ10 ሰከንድ ይያዛል። ፖምፓው በራሱ ይነሳና ለ12 ደቂቃ ያህል ውሃውን ያዞራል። ሲያቆም ደረጃው ታይቶ ይሞላል። ይህን የማያውቅ ጋራዥ አዲሱንም ፖምፓ አየር ውስጥ አዙሮ ይገድለዋል።

አንድ ልጨምር፤ የዘይት ፊልትሮው ቤት ጓርኒሲዮን። ጎማ ናት፣ ርካሽ ናት፣ ስትደርቅ ዘይቱ የሚንጠባጠበው ቀጥታ ቺንጊያው ላይ ነው። ዘይት የጠጣ ቺንጊያ ከፑሊው ይወጣል፣ ይተረተራል፣ ክሩ በክራንክ ሻፍቱ የፊት ሲል በኩል ወደ ሞተሩ ውስጥ ይጎተታል። ከዚያ በኋላ ሒሳቡ የጎማ ሒሳብ አይደለም።

የጣና ዳር፦
ሬንጅ ሮቨሩን ማንም ስላልነካው እኔ ልበል። ምቾቱን የሚስተካከለው የለም፤ ግን የምትገዛው የአየር ሳስፔንሽን እንጂ ሞላ አይደለም። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ እንዲህ ፈትነው፦ ሜዳ ቦታ አቁመህ ከአራቱም ጎማ መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለካና ጻፍ። አሳድረህ ጧት ሳታስነሳ እንደገና ለካ። አንድ ጥግ ብቻ ከወረደ የዚያ ጥግ ከረጢት ነው የሚያስተነፍሰው። የፊቱ ሁለቱ ወይም የኋላው ሁለቱ አብረው ከወረዱ አየሩን ለከረጢቶቹ የሚያከፋፍለውን ቫልቭ ብሎክ ጠርጥር። ከረጢቱ የሚሰነጠቀው እጥፋቱ ላይ ስለሆነ መኪናውን ከፍተኛው ቁመት ላይ አድርገህ የሳሙና ውሃ ርጭበት፤ ዝቅ ባለበት ከረጨህ ስንጥቁ ተደብቆ ያልፍሃል።

የሰዎች ስሕተት ኮምፕረሰሩን መጀመሪያ መቀየር ነው። ኮምፕረሰር ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው የሚያስተነፍሰውን ለመሙላት ያለ ዕረፍት ሲሠራ ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን አዲስ ብታስገባ እሱም ይከተላል። ሲቀየርም ሪሌው (ኤሌክትሪክ የሚሰጠውና የሚያቋርጠው ማብሪያ) አብሮ ይቀየር፤ የድሮው ሪሌ ተጣብቆ ከቀረ ኮምፕረሰሩ መኪናው ጠፍቶም ይዞራል። የእርጥበት ማድረቂያውም ካልታደሰ ውሃ ወደ ቫልቮቹ ይገባል።

ሞተሩ ቲዲቪ6 ነው። የክራንክ ሻፍት መሰበርና የብሮንዚና መዞር በዓለም ሁሉ የታወቀበት ነው፤ የጋራዥ ወሬ አይደለም። ዘይቱን በፋብሪካው ረጅም ልዩነት ሳይሆን ከ8,000 ኪሎ ሜትር ሳታሳልፍ ቀይር። ቺንጊያውም ሁለት ነው፤ የፊት ታይሚንግና ከኋላ የናፍጣ ፓምፑን የሚያዞረው። «ታይሚንግ ተቀይሯል» ሲሉህ የኋላውን ለይተህ ጠይቅ፤ ብዙው የፊቱን ብቻ ነው የሚያየው። ዲፒኤፍ (የጭስ ጥቀርሻ ማጣሪያ) ካለው ደግሞ የማርቆስ አጭር መንገድ ጠላቱ ነው። ጥቀርሻውን ለማቃጠል ሞተሩ ሞቆ ሳይቋረጥ መሄድ አለበት። ማቃጠሉ በየመሃሉ ከተቋረጠ ናፍጣው ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የዘይቱ መጠን እየጨመረ ከሄደ «ዘይት አይበላም» ብለህ ደስ አይበልህ።

ማደያ ጠፍቶ ከጀሪካን ስትቀዳም ከሦስቱ ቀድሞ የሚጎዳው ይሄ ነው። ውሃ ያለበት ናፍጣ ኢንጀክተር አይምርም። የናፍጣ ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ ቀይር፣ ውሃውንም አስወጣ።

ጆብ ካርድ፦
የወኪሉን ጥያቄ ልመልስ። ወኪል ጋ መሄድ ለሁሉም ነገር አያስፈልግም፤ ለአንዳንዱ ግን ምትክ የለውም። ዘይት፣ ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ የእግር ሥራ ባሕር ዳርም ማርቆስም ይሠራል። የኮምፒውተር ሥራ ሲሆን ግን መሣሪያው ይጠየቅ። በየአምራቹ የመመርመሪያ ፕሮግራም፣ ማለት ቢኤምደብሊው በኢስታ፣ የዚያ ዘመን ሬንጅ ሮቨር በኤስዲዲ፣ ሌክሰስ በቴክስትሪም ነው ሙሉ የሚነበበው። ለብዙ ዓይነት መኪና የሚሆኑት ላውንችና ኦቴል የሚባሉት መመርመሪያዎችም ጥሩ ይሠራሉ፣ የሚበዛውን ይሸፍናሉ። ትንሿ የብሉቱዝ ማንበቢያ ግን ከሞተሩ አልፋ የአየር ሳስፔንሽንም ኤርባግም አታይልህም፤ በእሷ አንብቦ «ንጹሕ ነው» የሚልህን አትመን። የቢኤምደብሊው ባትሪ እንኳ ሲቀየር በኮምፒውተር መመዝገብ አለበት፤ ካልተመዘገበ አዲሱን ባትሪ በአሮጌው ልክ እየሞላ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ የሚገዛ ያገለገለ ኮምፒውተርም ሰክተኸው የሚሠራ አይደለም፤ ከመኪናው ቁልፍና ሻንሲ ጋር መግባባት አለበት።

ወኪል ጋ ስትገባ ደግሞ ቅሬታህን አንተ ራስህ ጆብ ካርዱ (የሥራ ማዘዣ ወረቀቱ) ላይ በትክክል አስጽፍ። «ድምፅ አለው» የሚል ጽሑፍ ዋጋ የለውም። «ጧት ብርድ ላይ ሲነሳ ለ5 ሰከንድ ከፊት ግራ ይንኳኳል፣ ሲሞቅ ይጠፋል» ተብሎ ይጻፍ። ኪሎ ሜትሩና የነዳጁ መጠን ይመዝገብ። ከሥራው በፊት የብልሽት ኮድ ዝርዝሩ ታትሞ ይሰጥህ፣ ከሥራው በኋላም እንዲሁ። ግምቱ በጽሑፍ ይሁንና «ከዚህ በላይ ከሆነ ሳትደውሉ እንዳትሠሩ» የሚል ይታከልበት። የወጣው ዕቃ ይመለስልህ። ዕቃ ከመታዘዙ በፊት በ17ቱ የሻንሲ ቁጥሮች ተፈትሾ የዕቃ ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ ይስፈር፤ አንድ ዓይነት ዓመት ሆነው የአውሮፓውና የዱባዩ ዕቃ የሚለያይበት ብዙ ነው። ማርቆስ ላለ ሰው ይህ ከባድ ነገር ነው፤ የተሳሳተ ዕቃ ይዞ በረሃውን መሻገር ማለት ነው።

ዋስትናውን በሚመለከት፣ በግል የገባ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ወኪሉ የመኪና ዋስትና አይሰጥም፤ የገጠመው ዕቃና የሠራው ሥራ ላይ ግን ለስንት ወር ወይም ለስንት ኪሎ ሜትር እንደሚቆም ጠይቅና አስጽፍ። ዕቃውን አንተ ገዝተህ ካመጣህ የእጅ ሥራ ዋስትናውም አብሮ ሊቀር ይችላል፣ እሱንም ቀድመህ ጠይቅ።

ቡሬ 12፦
ለምን ኤሌክትሪክ አይገዛም? በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል፤ ወደፊት የእነዚህ ዕቃ እየጠፋ ነው የሚሄደው።

ቴስታታ፦
ቡሬ፣ ነገሩ ልክ ነው፣ ግን ሰውየው የጠየቀው ሌላ ነው። ደግሞ በረሃውን ለሚመላለስ ሰው መንገድ ላይ ቻርጅ የት እንደሚገኝ ሳይጠና አይመከርም።

የማርቆሱ ሰው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወደ ሌክሰሱ ነው ያዘነበልኩት። የበረሃው ነገር ግን ያሳስበኛል፤ ቁልቁለቱ ፍሬን፣ ዳገቱ ሙቀት። የተለየ ዝግጅት አለ?

የጣና ዳር፦
አለ እንጂ። ከጎሃ ጽዮን ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደህ መልሰህ ትወጣለህ። ሁለት ቶን የሚጠጋ መኪና በዲ ማርሽ ለቀህ በፍሬን ብቻ ይዘህ ከወረድክ ከድልድዩ ሳትደርስ ይሸትሃል። ኩርባው ከመጀመሩ በፊት ማንሻውን ከዲ አውጥተህ 3ኛ፣ ጠባቡ ላይ 2ኛ አስይዝ፤ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ ይዘህ ልቀቅ እንጂ እግርህን አታሳርፍበት። መሃል ላይ ብትቆም የጋለ ፍሬን ረግጠህ አትቆይ፣ ዲስኩ ባንድ ቦታ ይበላሻል።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ መለኪያው 155 ነው። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። በየሁለት ዓመቱ አስቀይረው፤ ሲቀየር ከአራቱም ጎማ ይውጣ እንጂ ከላይ በመርፌ ተመጦ አይሞላ።

ዳገቱ ላይ ደግሞ የራዲያተር ክዳን። ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ባዶ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ውሃውን ከዚያ በላይ የሚይዘው የክዳኑ ግፊትና ኩላንቱ ነው። ጎማዋ የደረቀች ክዳን አዲስ ራዲያተር ታስገዛሃለች። ሙቀቱ መውጣት ከጀመረ ኤሲውን አጥፋ፣ ማሞቂያውን ሙሉ ክፈት፣ ማርሽ ቀንሰህ ቀስ በል። ክዳኑን በሙቅ አትንካ።

ሌክሰሱ ከማርቆስ ሽቅብ ሲደክምብህም አትደንግጥ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ካታላይዘር (የጭስ ማጽጃው) ተደፍኗል ብሎ ማርሚታ ሊያስቀይርህ የሚፈልግ አይጠፋም።

ጆብ ካርድ፦
ለግዢው ቀን አንድ ልጨምር። ሻጩን «ሞተሩን ሳታሞቅ ጠብቀኝ» በለው፤ ስትደርስ ኮፈኑን በእጅህ ዳስስ፣ ሞቆ ከጠበቀህ ሌላ ቀን ተመለስ። ስካን ስታደርግ ኮድ አለመኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የሞኒተሮቹን (ኮምፒውተሩ ራሱን የሚፈትንባቸውን) ገጽ ክፈት። ካታላይዘር፣ ኦክስጅን ሴንሰር የሚሉት «አልተጠናቀቀም» ካሉ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል ወይም ባትሪው ተነቅሏል። እነሱ እንዲሞሉ ከተማም አስፋልትም አደባልቆ የጥቂት ቀን መንዳት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሻጩ ነድቶ እንዲያመጣው ጠይቅና እንደገና አንብብ። ያን እምቢ ካለ ዋጋ አትደራደር። ሻንሲውን ከሊብሬው ጋር የምታስተያየው ደግሞ ከመስታወቱ ሥር ባለው ብቻ አይደለም፤ በበሩ ፍሬም ላይ ያለውንና ስካነሩ ከሞተሩ ኮምፒውተር የሚያነበውንም አይተህ ሦስቱ አንድ መሆናቸውን አረጋግጥ።