አስቸኳይ! «የአቅራቢዎች ሥነ ምግባር» የሚል ፎርም ተላከልን፣ ሐሙስ ሊያዩን ይመጣሉ

ቱታ ሰፊው (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ወገኖች። ትልቁ ደንበኛችን ሠራተኛ እንዴት እንደምንይዝ የሚጠይቅ የሥነ ምግባር ፎርም ላከልን። ሳይሞላ አዲስ ትእዛዝ የለም አሉ። ሐሙስ ኦዲተር ይመጣል። «የሕፃናት ጉልበት ፖሊሲ፣ የትርፍ ሰዓት መዝገብ፣ የፀረ ሙስና መመሪያ አያይዙ» ይላል። ምን ፖሊሲ አለን? የተሞላ ያለው ሰው በቴሌግራም ይላክልኝ። እባካችሁ ዛሬ!

የጫጫው
ወንድሜ የምታቀርበው ምንድን ነው? ወተት ነው? ድንጋይ ነው?

ቱታ ሰፊው
ስሜ ላይ አለ እኮ!

ጋሽ ቆፍጣናው
ልጆቼ፣ ሥነ ምግባር በፎርም አይመጣም። ከቤት ነው የሚጀምረው። በእኛ ጊዜ ነጋዴ ቃሉን ከሰጠ ሰጠ ነው። ማኅተም የት ነበረ? ውል የት ነበረ? ዛሬ ወረቀቱ በዛ፣ እምነቱ ጠፋ። አሁን ያለው ትውልድ…

የጫጫው
ጋሼ፣ ሰውዬው ሐሙስ ነው የሚመጣው።

ኮፒ ቤት
ከኢንተርኔት አውርድ፣ የድርጅቱን ስም ቀይር፣ ማኅተም ምታበት። አለቀ።

ሒሳብ ያዧ
እንዳትሰማው። የወረደው ፖሊሲ «በየሦስት ወሩ ሥልጠና እንሰጣለን» ይላል። ኦዲተሩ ደግሞ ሠራተኛዋን ለብቻዋ ጠርቶ «መቼ ሠለጠንሽ?» ይላታል። የምታደርገውን ብቻ በአንድ ገጽ ጻፍ። መነሻህ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ አዋጅ 1156/2011 ይሁን። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለ ልጅ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ትርፍ ሰዓትም ሌሊትም አይነካም። ለአዋቂ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው በአዘቦት ቀን አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በዕረፍት ቀን 2፣ በበዓል 2.5 እጥፍ ነው። ጡረታም ይጠየቃል፤ ከሠራተኛው 7፣ ከአንተ 11 በመቶ።

ቱታ ሰፊው
እግዜር ይስጥሽ እህቴ። የትርፍ ሰዓት መዝገብ ግን የለንም። ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ የዓመቱን ልጻፈው?

ሒሳብ ያዧ
በፍጹም! ከማስረከቢያ ደረሰኝህ ጋር ያስተያዩታል። በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ የተጻፈ የዓመት መዝገብ ማንም ያውቀዋል። «አልነበረንም፣ ከዛሬ ጀምረናል» በል። ጉድለት ሲገኝ ብዙ ጊዜ ማስተካከያ ጊዜ ይሰጣሉ። ውሸት ሲገኝ ነው ውሉ የሚቀደደው። ልጅ የሚሠራ አለ እንዴ?

ቱታ ሰፊው
የለም። የእህቴ ልጅ ብቻ ከትምህርት ሲመለስ ክር ይቆርጥልናል። 13 ዓመቱ ነው። እሱ ቤተሰብ ነው።

የጫጫው
ኦዲተሩ ሲመጣ «አጎቴ» እንዳይልህ።

ሒሳብ ያዧ
ቤተሰብም ቢሆን ማሽን ቤት ውስጥ አይቆይ። ለሐሙስ ብቻ ደብቀው ማለቴ አይደለም።

ጣርማበር
እኔ መነሻውን ነው የማልቀበለው። ፎርም የሚልኩት ገዢዎች ራሳቸው ሒሳባችንን ሦስት ወር ይይዛሉ፤ ዋጋ ቀንሱ ይላሉ፤ ትእዛዙን ቅዳሜ ልከው ለሰኞ አድርሱ ይላሉ። ትርፍ ሰዓቱን ማን አመጣው? ፓኪስታን ካራቺ በፈረንጅ 2012 የተቃጠለው ልብስ ፋብሪካ የሠራተኛ አያያዝ ምስክር ወረቀቱን ያገኘው ከእሳቱ ጥቂት ሳምንት በፊት ነበር። ከ250 በላይ ሰው አለቀ። ወረቀት ማንን አዳነ?

ሒሳብ ያዧ
የክፍያው ነገር እውነት ነው። ፎርሙ አስተያየት መጻፊያ ካለው ይጻፈው፤ ማንም ስለማይጽፍ ነው የሚቀጥሉት። ካራቺ ላይ ግን ሰዎቹ መውጫ አጥተው ነው ያለቁት፤ በሮች ተቆልፈው ነበር። ቱታ ሰፊው፣ የኋላ በርህ እንዴት ነው?

ቱታ ሰፊው
ለሌባ ተብሎ ጓጉንቸር አለበት። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

የጫጫው
ብርዱንስ በምን ነው የምትችሉት?

ቱታ ሰፊው
በከሰል ነዋ። የደብረ ብርሃንን ጠዋት ታውቀዋለህ።

ሒሳብ ያዧ
አምላኬ! ጨርቅ በተከመረበት ቤት ከሰል? ፖሊሲውን ተወውና ዛሬውኑ ማንደጃውን አውጣ። ጭሱም ይገድላል። በሩን ሰው ውስጥ እያለ ከውስጥ ያለ ቁልፍ በሚከፈት መቀርቀሪያ ዝጋ፣ ጓጉንቸሩ ማታ ይሁን። እሳት ማጥፊያ ግዛ፣ መተላለፊያው ላይ ጥቅል ጨርቅ አይቀመጥ። የልብሱን የቁልፍ ቀዳዳ ውጭ ለሌላ ሰው ሰጥተህ የምታሠራ ከሆነም ተናገር፤ ደንቡ ሥራ የምታካፍላቸውንም ይጨምራል።

ኮፒ ቤት
እኔ አሁንም አውርደህ ማኅተም ምታ ባይ ነኝ።

ቱታ ሰፊው
እሺ በሩን ዛሬ አሠራለሁ። ለሐሙስ ዶሮ ወጥ እያሠራን ነው። ሲሄዱ አንድ የመንዝ በግ ብናስይዛቸውስ?

የጫጫው
በጉን ለእኔ ላከው፣ እኔ ኦዲት አላደርግም 😂

ጋሽ ቆፍጣናው
እንግዳ ማስተናገድ ባህላችን ነው። ምን ነውር አለው?

ሒሳብ ያዧ
ጋሼ፣ ምሳው ምንም አይደል፤ እሱንም እንቢ ካሉ አይለመኑ። በጉ ግን ጉቦ ተብሎ ነው የሚመዘገበው። የፀረ ሙስና መመሪያ አያይዝ ብለውት በግ ያስይዛቸው?

ቀይ ሽንኩርት (ሸዋ ሮቢት)
ሐሙስ አለፈ፣ ምን አሉህ? እኔም ለአንድ ድርጅት ሽንኩርት አቀርባለሁ፣ ተመሳሳይ ፎርም መጣልኝ። እርሻንም ይመለከታል?

ሒሳብ ያዧ
ይመለከታል። የቀን ሠራተኞችህን ስምና ዕድሜ መዝግብ። የተባይ መድኃኒት የሚረጨው ሠራተኛ ጓንትና ጭምብል አለው?