የስሮትል ሴንሰር ቀየርኩ፣ ሚኒሞው ግን አልወርድ አለኝ
ሰላም ባለሙያዎች፣ ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፈው። አሮጌ የጃፓን መኪናዬ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ስወጣ እየተንገጫገጨች ጉልበት ታጣ ስለነበር የስሮትል ሴንሰሯን (የሞተሩ አየር መግቢያ በር፣ ማለትም ስሮትሉ፣ ምን ያህል እንደተከፈተ ለመኪናው ኮምፒውተር የሚናገረውን) ቀየርኩ። ባለ 3 ሽቦ ነው። አሁን ደግሞ ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ብሎ ቀረ።

ሞተር ሳላስነሳ ቁልፉን ከፍቼ በቴስተር ለካሁ። መግቢያው 5 ቮልት ነው፣ ደህና። የምልክት ሽቦው ግን ነዳጅ ሳይረገጥ 0.9 ያሳያል። 0.5 አካባቢ መሆን ነበረበት። ሁለቱን ብሎኖች አላልቼ ሴንሰሩን ሳዞረው 0.5 ላይ ይመጣል። ሳጠብቀው ይሸሻል! ሦስቴ ሞከርኩ።

አንድ መካኒክ «ሚኒሞውን በብሎኗ እንቀንሰው» አለኝ። በሽታውና መድኃኒቱ አልገናኝ ስላለኝ እምቢ አልኩ። ሳይሸሽ የሚጠብቅበት ዘዴ አለ? ወይስ የነዳጁ ገመድ ተወጥሮ ስሮትሉ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም? ቅዳሜ ቡሬ ለቅሶ አለብኝ፣ እባካችሁ።